ባሌ ይሠራል፣ ውሾቹ ያፈርሳሉ፤ ግቢያችን ሳይት ሆኗል፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የለቡዋ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ውሻ ያላችሁ፣ ወይም እጁ ሥራ የማይፈታ ባል ያላችሁ፣ እባካችሁ አንብቡልኝ። ሁለቱንም አንድ ግቢ ውስጥ ይዛችሁ የምትኖሩ ካላችሁ ደግሞ በተለይ የእናንተን ሐሳብ እፈልጋለሁ።

ባሌ ሰው ጠርቶ ማሠራት አይወድም። ቧንቧ ቢያንጠባጥብ እሱ፣ በር ቢጣመም እሱ፣ ሮቶው ቢያፈስ ጣሪያ ላይ የሚወጣው እሱ። ይህን የምለው ለማማረር እንዳይመስላችሁ። ሊጡ ቦክቶ፣ ምጣዱ ግን ግማሹ አልሞቅ ብሎኝ ስቆም፣ ገልብጦት የተበጠሰችውን ሬዚስታንስ ቀጥሎ በዚያው ጠዋት እንጀራዬን እንድጋግር የሚያደርግ ሰው ነው። ጎረቤቶች ምጣዳቸውን ተሸክመው እኛ በር ላይ ይመጣሉ፤ እሱም አንድም ቀን እምቢ ብሎ አያውቅም። እኮራበታለሁ።

ውሾቹንም እወዳቸዋለሁ። ነብሮ አራት ዓመቱ ነው፤ ከሀበሻ ውሻና ከጀርመን ሼፐርድ የተወለደ፣ ግዙፍ፣ የዋህ። ቡኒ ገና አምስት ወሯ ነው። ስትመጣ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ነበረች። አሁን ጥርሷ ያላረፈበት ዕቃ ቤታችን ውስጥ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌ የሠራውን ውሾቹ ያፈርሱታል፣ እነሱ ያፈረሱትን እሱ መልሶ ይሠራዋል፣ ሲሠራ ደግሞ ሁለቱም አጠገቡ ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ያዩታል።

የውሃ ገንዳቸውን ልንገራችሁ። ቶሎ ቶሎ እየደረቀ አስቸገረን ብሎ፣ ሽንት ቤት ፍላሽ ውስጥ ያለውን ዓይነት ኳስ ያለው ቧንቧ ገጠመላቸው። ውሃው ሲጎድል ኳሱ ይወርድና ይከፍተዋል፣ ሲሞላ ይነሳና ይዘጋዋል። በጣም ቆንጆ ሥራ ነበር። ነብሮ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ሲያጠናው ከረመና ምስጢሩን ደረሰበት፤ ኳሱን በእግሩ ሲጫነው ውሃ ይመጣል! ከዚያ በኋላማ እኛ ስንተኛ አንድ እግሩን ኳሱ ላይ ጭኖ ይቆማል፣ ቡኒ ደግሞ ሞልቶ በሚፈሰው ውሃ ትንቦራጨቃለች። ጠዋት ስንነሳ ሮቶው ባዶ፣ ግቢው ጭቃ። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው፣ ተራችን ደግሞ አልደረሰም። ልጆቹ ያን ቀን በጀሪካን ውሃ ፊታቸውን ብቻ አስነክተው ትምህርት ቤት ሄዱ።

የበረንዳው ሊሾም አለ። ባሌ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ተንበርክኮ፣ እስኪመሽ ሲሚንቶውን በግንበኛ ማንኪያ እያሸ መስታወት አስመሰለው። ዳር ዳሩን በጣውላ አጠረና ሊታጠብ ገባ። በዚያችው ቅጽበት የጎረቤት ድመት አጥሩ ላይ ብቅ አለች። ድመቷ በረንዳውን ቆርጣ አለፈች፣ ነብሮ ጣውላውን ዘሎ ተከተላት፣ ቡኒ መዝለል ስለማትችል በሥሩ ሾልካ ገባች። አሁን በረንዳችን ላይ ከጓዳው በር እስከ ደረጃው ድረስ ሦስት ዓይነት ዱካ አለ፤ ትልቅ፣ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ። ባሌ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጥቶ አየው። ዝም ብሎ ቆየ ቆየና «የድመቷ እንኳ ቀጥ ያለ ነው» አለ። እንደገና ልሥራው አላለም፤ እንግዳ ሲመጣ ያሳየዋል።

መሣሪያም ይጠፋበት ነበር። መጀመሪያ ፒንሳው፣ ቀጥሎ ካቻቢቴው፣ ከዚያ ሜትሩ። ልጆቹን ጠየቀ፣ ልጆቹ ማሉ። ዘበኛችንን ጋሼንም ፈራ ተባ እያለ ጠየቃቸው፣ እሳቸው ቅር አላቸው። በኋላ የጎመን መደቡን ስኮተኩት ፒንሳው ወጣ። ትንሽ ፈቀቅ ብዬ ስቆፍር ካቻቢቴው። ቡኒ አጠገቤ ቆማ ጅራቷን ትቆላለች። ለእሷ ብዬ የፈለግኩላት ነው የመሰላት። ጋሼን በቡና ክሰናቸዋል፤ ሜትሩ ግን እስካሁን አልተገኘም።

ነብሮ ደግሞ ባሌ መሰላል ላይ ሲወጣ ይከተለዋል። የሰርቪሱ ጣሪያ ላይ ደርሶ መውረድ አቅቶት፣ ባሌ እንደ በዓል በግ ትከሻው ላይ አድርጎ ነው ያወረደው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ክረምቱ ስለከበደ ባሌ ለሁለቱም የሚሆን ቤት ሊሠራላቸው ተነስቷል። ሞራሌና ጣውላ ገዝቷል። ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ሊቀባው ነው። ውስጡ እንዳይበርዳቸው ደግሞ ሽቦ ዘርግቶ አምፖል ሊያስገባላቸው ነው። እኔ ቡኒንና ሽቦን አንድ ላይ ሳስብ ልቤ ይመታል። ባለፈው የዲቫይደሩን ገመድ ስታኝክ ደረስኩባት፤ እግዜር ሲያተርፋት መብራት ጠፍቶ ነበር። የውሻ ቤት ያሠራችሁ ምን ምን ልብ እንበል? ማኘኩ መቼ ነው የሚቆመው? ነብሮስ በግቢው በር ሥር መቆፈሩን እንዴት ይተው? ውሾቹን እሰሪያቸው የሚል መልስ አልፈልግም። ባልሽን ሰው ጥራ በይው የሚልም አልፈልግም። ሦስቱንም እንዲሁ እንዳሉ ነው የምወዳቸው።


ከኮተቤ፦

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽው። የኔ ላሞች ናቸው እንጂ የኳሱ ጣጣ እኛም ግቢ ነበረ። መፍትሔው ቀላል ነው። ገንዳውን መሀሉ ላይ በብሎኬት ይክፈለው፣ ከሥር ግን ቡጢ የምታሳልፍ ቀዳዳ ይተውለት። ኳሱ ያለበትን ወገን በላሜራ ይክደነው። ውሃው በቀዳዳዋ እያለፈ በሁለቱም ወገን እኩል ይቆማል፤ እንስሳው በክፍቱ ይጠጣል፣ ኳሱ ጋ ግን አይደርስም። ክዳኑን በሽቦ እንዳያስረው፣ በብሎን ይጥበቀው። ኳስ የመረመረ ውሻ ሽቦ አይፈታም ብዬ ልፈርምልሽ አልችልም።

የበሩን ሥር በተመለከተ፣ እኔ የማውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው። በበሩ ልክ ወደ ታች 40 ሳንቲም ያህል ይቆፈር፣ ፌሮ አግድም ይግባ፣ ኮንክሪት ይሞላ። በድንጋይ መድፈን ዋጋ የለውም። ውሻ ድንጋዩን ለመሥሪያ እንደተሰጠው ነው የሚቆጥረው፣ አንድ በአንድ እያወጣ ይደረድርልሻል። ኮንክሪቱ በተሞላ ሌሊት ግን ውሾቹን ሰርቪስ ውስጥ ዝጉባቸው፣ የጎረቤት ድመትም እንዳትረሱ። ከዚያ ለ7 ቀን ጠዋት ማታ ውሃ ማጠጣት ነው። ኮንክሪት የሚለካበትን ጥንካሬ የሚይዘው በ28 ቀን ነው፣ ለውሻ ጥፍር ግን ያን ያህል መጠበቅ አያስፈልግም።

ሜትሩን ደግሞ አዲስ የተቆፈረ አፈር ያለበት ቦታ ፈልጉት። ቡችላ ባለቤቱ አዘውትሮ የሚይዘውን ዕቃ ነው የሚወስደው፣ ሽታው ስላለበት። ፒንሳና ካቻቢቴ የተወሰደው ለዚህ ነው። ባልሽ ግድግዳ ላይ ጣውላ መትቶ መሣሪያውን በሙሉ ይስቀል።


የእንስሳት ሐኪም፣ ቢሾፍቱ የተማርኩ፦

ሰላም እህቴ። ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ፣ አንዳንዱ ነገር የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ።

ከሽቦው እንጀምር። ቤታችን ያለው 220 ቮልት ነው። ቡችላ ሽቦ ስታኝክ አፏ እርጥብ ነው፣ የሚያገኛት ምላሷንና ከንፈሯን ነው። እንዲህ ሆና ካገኛችኋት ማንም ሮጦ እንዳይነካት፤ መጀመሪያ ብሬከሩ ይውረድ። ተነስታ ደህና ብትመስልም ወደ ሐኪም ውሰዷት፤ ከሰዓታት በኋላ ሳንባዋ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ስለዚህ አምፖሉ ይቅር። ውሻ ደረቅና ጠባብ ቦታ ካገኘ በራሱ ሙቀት ይበቃዋል፣ ሁለት ሆነው ተጠጋግተው ሲተኙ ደግሞ ምንም አያሰጋም። ቤት ውስጥ ያሉትን ገመዶችም በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገቡ፣ ወይም አፏ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ስቀሉ። ባልሽ እጁ ስለማያርፍ አንድ ሥራ ልጨምርለት፤ ልቅ ኤሌክትሪክ ሲኖር ራሱ የሚቆርጠውን፣ 30 ሚሊአምፔር የሚለውን ብሬከር ይግጠም። ለውሻውም ለልጆቹም ነው።

የተቃጠለ ዘይቱንም ተዉት። ለአጥር ግንድ ሲቀባ አያለሁ፣ ለውሻ ቤት ግን አይሆንም። ፀጉሯ ላይ ይጣበቃል፣ እሷ ደግሞ ትልሰዋለች፤ ጣውላውን ራሱን ታኝከዋለች። የተቃጠለ ዘይት ከሞተሩ የወጣ ብረትና ሌላ መርዝ ያለበት ነገር ነው።

የሊሾውን ታሪክ ሳነብ ሳቅኩ፣ ግን ለሚቀጥለው ጊዜ ይህን እወቁ። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል። እግራቸው ከነካው ሳይደርቅ ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡ፣ በጣቶቻቸው መሀል ያለውንም ጭምር። ራሳቸው እየላሱ እንዲያጸዱት አትተዉአቸው።

የቡኒ ማኘክ ጥጋብ አይደለም። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አላት። ከ4 ወር ገደማ ጀምሮ ይረግፉና በ7 ወሯ አካባቢ 42 ቋሚ ጥርስ ይኖራታል። አሁን ድዷ እያሳከካት ነው። ፍሪዝ ውስጥ የከረመ ካሮት ስጧት። ወይም ወፍራም ጨርቅ ቋጥራችሁ በውሃ ነክራችሁ በረዶ አስመስላችሁ ስጧት። አሮጌ ጫማ ግን አትስጧት። አሮጌውን ጫማ ከአዲሱ የምትለይበት ምክንያት የላትም። ሽቦ ስታኝክ ደርሳችሁ ስትነጥቋት ደግሞ ባዶ አፏን አትተዉአት፣ የተፈቀደውን በምትኩ ስጧት። ከ7 ወር በኋላ ይቀንሳል። ጨርሶ ለመተው ግን አንድ ዓመት ሊሞላት ይችላል።

ነብሮ የሚቆፍረው የት እንደሆነ ስትነግሪኝ ምክንያቱ ገባኝ። ጥላ ሥር ቢቆፍር ሞቆት ነው እል ነበር፣ አትክልት ውስጥ ቢሆን አይጥ ሸትቶት ነው እል ነበር። በር ሥር የሚቆፍር ያልተኮላሸ ወንድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውጭ ያለች ሴት ሸታው ነው። እዚህ ላይ ሌላም ነገር ልብ በይ። ቡኒ ከ6 ወሯ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ ልትፈልግ ትችላለች። ሁለቱ አብረው ነው የሚያድሩት። ካልተጠነቀቃችሁ፣ እርግዝናው 63 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ ባልሽ ይህን ቤት ሠርቶ ሳይጨርስ ሁለተኛውን ሊጀምር ነው። ነብሮን አስኮላሹት። መቆፈሩም ይቀንሳል።

ምግብ አልጠየቅሽኝም፣ ግን የብዙ ሰው ጥፋት ስለሆነ ልናገር። ከሥጋ ቤት ሳንባና ጉበት የምታመጡላቸው ከሆነ ጥሬውን አትስጡ። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ሳንባ ውሻው ላይ ትል ይሆናል፣ ከውሻው ደግሞ ወደ ልጆች ይተላለፋል። በደንብ ይቀቀል። እንቁጣጣሽ ሲመጣ የዶሮ አጥንት አይሰጥም፤ የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። የዶሮ ወጥ ፍርፍሩም ቢሆን ሽንኩርቱ ለውሻ ደም ጥሩ አይደለም።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የቡኒ ካልተሰጠ አሁኑኑ፣ የነብሮ በየዓመቱ። ሰው ከተነከሰ ደግሞ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ማጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ፓስተር የሚባለውን የጤና ተቋም ያውቃል።


እማማ ከባሕር ዳር፦

ልጄ፣ የልጄ ልጅ ናት የምትጽፍልኝ፣ እኔ ነኝ የምናገረው። ባልሽን እግዚአብሔር ያኑርልሽ።

የኔም ባለቤት ጡረታ ከወጣ ወዲህ መዶሻ ከእጁ አይለይም። መጀመሪያ የዶሮ ቤት ሠራ። ቀጥሎ ማንጎው ሥር የውሻ ቤት ሠራ፣ ቀለም ቀባው፣ በሩ ላይ የውሻውን ስም ጻፈበት። ውሻው ገብቶ አሽትቶት ወጣ። ማታ ዶሮዎቹን ልቆጥር ስሄድ ዶሮ ቤቱ ውስጥ ውሻው ተጋድሟል፣ ዶሮዎቹ የሉም! ጅብ የገባ መስሎኝ ጮኽኩ። ስንፈልጋቸው ለካ ሁሉም የውሻው ቤት ውስጥ ሰፍረዋል፣ አውራ ዶሮውም በሩ ላይ ቆሟል። ተለዋወጡ። ባለቤቴ ሊመልሳቸው ብዙ ታገለ። በመጨረሻ ስሙን አጠፋና ለዶሮዎቹ ቆጥ ሠራላቸው።

ምክንያቱን የገባኝ በኋላ ነው። ማንጎው ሥር ሆኖ ውሻው በሩን ማየት አይችልም። ዶሮ ቤቱ ሆኖ ግን በሩንም ጓዳውንም ያያል። ውሻ የሚመጣውን ሰውና የሚመጣውን ምግብ ሳያይ አይተኛም። ስለዚህ ልጄ፣ ባልሽ አንድ ምስማር ሳይመታ ውሾቹ አሁን የት እንደሚተኙ ይይ። ቤቱን እዚያ ይሥራው። ሰው ለራሱ ዓይን ደስ ያለውን ቦታ ከመረጠላቸው ባዶ ቤት ነው የሚሠራው።

ቡሄም ደርሷል። ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ ውሻ ይበረግጋል፣ አጥር ዘሎ የሚጠፋም አለ። ነሐሴ 12 ማታ ችቦው ሲበራ ጀምሮ ቤት አስገቧቸው።


ከሜሪላንድ፦

እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልን፣ ቢሮ ውስጥ ሆኜ አንብቤ ስስቅ ሰው ዞሮ አየኝ።

እህቴ፣ እዚህም ያው ነው። ባሌ ቀን ቀን አውቶቡስ ይነዳል፣ ቅዳሜ እሑድ ግን አናጺ ነው። ውሻችን በየደቂቃው ክፈቱልኝ እያለ በሩን ሲቧጭር ጊዜ፣ የጓሮውን በር ከታች ቆርጦ የምትወዛወዝ ትንሽ በር ገጠመለት። ውሻው አልገባባትም። በርበሬ የተቀባች ይመስል ዞር ብሎ ያያትና ትልቁን በር መቧጨሩን ይቀጥላል። ባሌ ሊያስተምረው እሱ ራሱ በእጅና በጉልበቱ እየዳኸ ግማሽ አካሉን አሾልኮ ያሳየው ጀመር፤ ውሻው ፊቱን እየላሰ አየው እንጂ አልተከተለውም። አንድ ሌሊት ወጥ ቤት ኮሽታ ሰማን። ውሻው ገባ ብለን ተደስተን ስንወርድ፣ ራኩን የምትባለው ዓይኗ ዙሪያ ጥቁር የሆነችው አውሬ ከነልጆቿ የውሻውን ምግብ ከበው እየበሉ ነው። ውሻችን ደግሞ ሶፋው ላይ ሆኖ ያያቸዋል።

የሚያስቅ ነው፣ ግን እዚህ በምሥራቁ ክፍል የእብድ ውሻ በሽታን ዋናዋ ተሸካሚ ራኩን ናት። ለዚህ ነው ከ4 ወር በላይ የሆነ ውሻ ሁሉ እንዲከተብ ሕጉ የሚያስገድደው። ባሌ በበነጋው በሯን ነቅሎ ውሻው ቆዳ ሥር ያለውን ቺፕ ስታይ ብቻ የምትከፈት ገዛ። እናንተ ለቡ ራኩን የላችሁም፣ ግን ምግባቸውን ውጭ አታሳድሩ። አይጡም ጅቡም በሽታ ይዞ ነው የሚመጣው። ከሐኪሙ ምክር ደግሞ ብሬከሩን አትዝለሉት፣ እዚህ ውጭ ለሚገጠም አዲስ ሶኬት ግዴታ ነው።


አናጺው፦

ሰላም። ሥራዬ ስለሆነ ስለ ቤቱ ብቻ ልናገር።

ትልቅ አታድርጉት። የሁሉም ሰው ምኞት ሰፊ ቤት መሥራት ነው፣ ለውሻ ግን ሰፊ ማለት ቀዝቃዛ ማለት ነው። ተቀምጦ፣ ዞሮ፣ እግሩን ዘርግቶ የሚተኛበት ከሆነ ይበቃል። ነብሮን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ሥር ለኩትና ሩብ ያህል ጨምሩበት፣ ያ ርዝመቱ ነው። ለሁለቱ አንድ ቤት ከሆነ ወርዱን ብቻ ሰፋ አድርጉ። በሩ አንገቱን ዝቅ አድርጎ የሚገባበት ይሁን፣ መሀል ላይ ሳይሆን ወደ አንዱ ጥግ። በሩ ጥግ ላይ ሲሆን ሌላኛው ጥግ ነፋስ አያገኘውም፣ እዚያ ይተኛሉ።

ወለሉ መሬት አይንካ። አራት ብሎኬት ላይ ተቀምጦ ከመሬት 15 ሳንቲም ያህል ከፍ ይበል። ምስጥ የሚመጣው ከአፈር ነው፣ እንጨቱ አፈር ካልነካ ግማሹ ሥራ አለቀ፣ የተቃጠለ ዘይት ምን ሊሠራ። በየሳምንቱ ጎንበስ ብሎ ብሎኬቱ ላይ የጭቃ መስመር ወጥቶ እንደሆነ ማየትና መጥረግ ነው። ለእንጨቱ የተልባ ዘይት ካገኘ ሁለት ጊዜ ቀብቶ በደንብ ያድርቀው። የቀባበትን ጨርቅ ግን ጠቅልሎ ጥግ ላይ እንዳይጥለው፣ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተከምሮ ሲቀመጥ በራሱ ሙቀት እሳት ይይዛል። ዘርግቶ ውጭ ያድርቀው ወይም ውሃ ውስጥ ይንከረው።

ጣሪያው ወደ ኋላ ይዝመም፣ ዝናቡ በራቸው ላይ እንዳይወርድ። ቆርቆሮ ብቻውን አይሆንም። ቀን ያነድዳል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ የነሐሴ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ውስጡ መቀመጥ አይቻልም። ከሥሩ ጣውላ ወይም ኮምፔንሳቶ ይመታበት። ጣሪያው በማጠፊያ የሚከፈት ይሁን፣ ያለዚያ ማጽዳት አትችሉም። ምንጣፍ ጨርቅ አይሁን፤ ይረጥባል፣ ቁንጫ ያፈራል፣ ቡኒም ትበላዋለች። የጤፍ ጭድ አንጥፉና በየጊዜው ቀይሩት።


የለቡዋ እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐኪማችን፣ የጻፍክልኝን ለባሌ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የተቃጠለ ዘይቱን ጀሪካን አንስቶ ሰጥቷል፣ ለአጥር ለሚፈልግ ጎረቤት። አምፖሉንም ትቶታል፤ ብሬከሩ ላይ ሲደርስ ግን ዓይኑ በራ፣ በዚያው ሰዓት መርካቶ ልሂድ አለ። ሳንባውን እቀቅለው ነበር፣ አሁን ጊዜውን ጨምሬለታለሁ።

እማማ፣ እርስዎ ያሉትን አደረግን። ማታ በመስኮት ሆነን ውሾቹን አየናቸው። ነብሮ የሚያድረው ከጋሼ ጎጆ አጠገብ ነው። ጋሼ ዳቧቸውን ለሁለት ይገምሳሉ፣ ከዚያም ይሰጡታል። ቡኒ ደግሞ ሆዱ ላይ ትተኛለች። ባሌ ቤቱን ያሰበው ጓሮ፣ ሎሚው ሥር ነበር። አሁን ጋሼ ጎጆ ጎን ሊያደርገው ነው። ጋሼም ደስ ብሏቸዋል፣ ጭዱን እኔ አመጣለሁ ብለዋል።

እሱ ራሱ ሊጽፍ ይፈልጋል፣ ስልኩን ሰጠሁት።


ባልየው ነኝ፦

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ምክራችሁ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የኮተቤው ወንድሜ፣ የገንዳው ሐሳብህ ድንቅ ነው፣ ዛሬ ብሎኬቱን አስገብቼዋለሁ። ነብሮ ክዳኑን ሲያሸት ዋለ፣ ብሎኑን ግን አልነካም።

አንድ ነገር ግን ልናገር። ባለቤቴ ውሾቹ ያፈርሳሉ ብላ ጽፋለች፣ እውነት ነው፣ ግን እነሱ ባይኖሩ ግማሹን ሥራ አልሠራውም ነበር። ከመሥሪያ ቤት ደክሞኝ ስመጣ ነብሮ የመሣሪያ ሣጥኔ ጋ ሄዶ ይቀመጣል። እንሥራ እንጂ ማለቱ ነው። እሱ አጠገቤ ሲቀመጥ ሥራው ይጥመኛል። ቡኒም ብትሆን ምስማር ሲወድቅብኝ ቀድማ የምታገኘው እሷ ናት። ስለዚህ ከእጇ እንዳልነጥቃት ብዬ አሁን የሷን ሣጥን ሠራሁላት። የተቆራረጠ ገመድ፣ ቁራጭ ጣውላና ካሮት አለበት። ሥራ ስንጀምር እሷም የራሷን ዕቃ ታወጣለች።

አናጺው ወንድሜን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ጣሪያው በማጠፊያ ይከፈት ብለሃል። ነብሮ ከውስጥ በጭንቅላቱ ገፍቶ እንዳይከፍተው ምን ልግጠምለት? ማጠፊያውስ ከፊት ይሁን ከኋላ?


ሐኪሙ፦

የሣጥኑ ሐሳብ በጣም ጥሩ ነው። ጣውላውን ግን ተወው ወንድሜ፣ ስንጣሪው ድዷ ውስጥ ይሰካል። ወፍራም የጎማ አሻንጉሊት በምትኩ አድርግላት። ገመዱም ቢሆን መተርተር ሲጀምር ጣለው፣ ክሩን ከዋጠችው አንጀቷን ይቋጥርባታል። ምስማር ስታገኝልህ ደግሞ ቶሎ ተቀበላት።


አናጺው፦

ማጠፊያውን ከፊት አድርገው፣ ከፍ ባለው ወገን። ሲከፈት ወደ በሩ በኩል ይገለበጣል፣ አንተ ከኋላ ቆመህ ታጸዳለህ። መቀርቀሪያው ከኋላ በኩል ከውጭ ይሁን፣ ሁለት ግራና ቀኝ። አንድ ከሆነ ጥጉን እየገፋ ያላላዋል። ምስማር አትጠቀም፣ ጠመዝማዛውን ብሎን ተጠቀም፣ ጫፉ ወደ ውስጥ እንዳይወጣ ርዝመቱን ለክተህ ግዛ። ማጠፊያዎቹ ሦስት ይሁኑ፣ ሞራሌው ላይ እንጂ ጣውላው ላይ አይታሰሩ። ሲያልቅ ፎቶ ለጥፍልን።